ቦዬን ለእንግዳ ከመክፈታችን በፊት ወሰኑን እናስምር

ስለ ጅማ ከተማ መሬት፣ ውሃና ቱሪዝም ለሚወስኑ መሥሪያ ቤቶች፣ እንዲሁም ለከተማችን ነዋሪዎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራንና ክቡራት፣

በጅማ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ስለ ቦዬ ረግረግ በየጊዜው የሚነሣው ወሬና ውይይት ነው። የኮሪደር ልማት በየከተማው ከተጀመረ ወዲህ የወንዝና የሐይቅ ዳርቻ ሁሉ መናፈሻ ሊሆን እንደሚችል ሰው ማሰብ ጀምሯል፤ ይህም በራሱ መልካም ነገር ነው። ቦዬም ጉማሬዎቹ፣ ወፎቹና ዓመቱን ሙሉ የሚለመልመው ጨፌው ስላሉት፣ «እንዲህ ያለ ቦታ ይዘን እንዴት እንግዳ አናስተናግድበትም?» የሚል ጥያቄ ከሻይ ቤት እስከ ስብሰባ አዳራሽ ይሰማል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የምጠይቀው እንግዳ ከመጠራቱ፣ ሎጅና ካፌ ከመሠራቱ፣ ዳርቻው ድንጋይ ከመነጠፉ በፊት የቦዬ ወሰን በክረምቱ የውሃ ልክ እንዲለካ፣ በሕግ እንዲጸና፣ ሰው የሚረግጠውና የማይረግጠውም እንዲለይ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ በኋላ ማቃናት ምን ያህል እንደሚከብድ በሌላ አገር አይቼ መጥቻለሁና ያየሁትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

እህቴ በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ ስለምትኖር ልጠይቃት በሄድኩበት ጊዜ ኢንዲያና ዱንስ ወደሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ይዛኝ ሄደች። ፓርኩ ከቺካጎ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚቺጋን ሐይቅ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኝ ሲሆን፣ በዳርቻው 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘረጋል። የሐይቁ ስፋት ወደ 58,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ ከዳር ቆሞ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው ማዶውን አያይም፤ ጣናን የለመደ ዓይን እንኳ ባሕር ነው ብሎ ይፈርዳል። በዚህ ዳርቻ ነፋስ ከውሃው ጠርዝ እያነሣ የጣለው አሸዋ ለሺህ ዓመታት እየተከመረ ኮረብታ ሠርቷል። ከኮረብታዎቹ በስተጀርባ ደግሞ ወደ ዋና የሚቻኮለው ጎብኚ ሳያስተውለው የሚያልፈው ረጅም ረግረግ አለ። የቦታውን ውበት ማወደስ የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ ስላልሆነ እተወዋለሁ፤ ጉዳዬ በዓመት ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው የሚመላለስበት ዳርቻ እንዴት እስከ ዛሬ ሊቆይ እንደቻለና የት የት ላይ እንዳልቻለ ነው።

አሸዋውን በቦታው የያዘው ማራም የሚሉት ሣር ነው። አሸዋ ሲቀብረው ከውስጥ ወደ ላይ እያደገ እንደገና ብቅ ይላል፤ ሥሩም ወደ ጎን እየተሳበ አሸዋውን እንደ ዓሣ መረብ ጠፍሮ ይይዘዋል። የሐይቁን ነፋስና የክረምቱን በረዶ የሚችለው ይህ ሣር የሰው እግር ግን አይችልም። በአንድ መተላለፊያ ዳር ጎንበስ ብዬ ስመለከት፣ ከገመዱ ወዲህ ባዶ አሸዋ፣ ከገመዱ ወዲያ ለምለም ሣር፣ በመካከሉም ተገልጦ በፀሐይ የደረቀ ቡናማ የሥር ክር አየሁ፤ ድንበሩ በቢላ የተቆረጠ ያህል ቀጥ ያለ ነበር። የእንጨት መራመጃው ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመ ነው፤ ብርሃንና ዝናብ አልፎ ከሥሩ ያለው ተክል እንዲበቅል በሳንቃዎቹ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተትቷል። መግቢያው አጠገብ ደግሞ ከመሬት ጋር የተተከለ የጫማ መቦረሻ አለ። ጎብኚው ከሌላ ቦታ የአረም ዘር ይዞ እንዳይገባ ጫማውን ጠርጎ ያልፋል። እህቴ ብትስቅብኝም እኔ የጅማ ጭቃ በሶሌ ሥር ይኖር ይሆናል ብዬ ደጋግሜ ጠረግሁ።

እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ከመጀመሪያው የነበረ አይደለም። በፓርኩ ምሥራቃዊ ጫፍ ማውንት ባልዲ የሚባል 38 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የአሸዋ ኮረብታ ይገኛል። ለብዙ ዓመታት ጎብኚው በፈለገው በኩል ሲወጣበትና ሲንሸራተትበት ሣሩ አለቀ፤ ሣሩ ሲያልቅ አሸዋው ተፈታ፤ የተፈታው አሸዋ በየዓመቱ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ኋላው እየተራመደ እዚያ የነበረውን የኦክ ጫካ ቀበረ። በሐይቁ በኩል ደግሞ አጠገቡ ባለው ከተማ ወደብ የተሠራው ግንብ በዳርቻው የሚጓዘውን አሸዋ ስለሚያግድበት የኮረብታው እግር ይሸረሸራል፤ አሸዋ በመኪና እየተጫነ እንዲደፋለት የተደረገበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 አንድ የስድስት ዓመት ልጅ በዚህ ኮረብታ ላይ ሲጫወት ድንገት በተከፈተ ጉድጓድ ውስጥ ገባ፤ ከሦስት ሰዓት በላይ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ከቆየ በኋላም በሕይወት ወጣ። ነገሩ ሲጠና የተቀበሩት ዛፎች ውስጥ ውስጡን በስብሰው በአሸዋው ውስጥ ባዶ ጉድጓድ ትተው እንደነበር ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ወደ ጫፉ ከፓርኩ ባለሙያ ጋር ካልሆነ በቀር መውጣት አይፈቀድም።

ይህን በዝርዝር ያነሣሁት ወሰን ማስመርን ከእንግዳ መቀበል ጋር የሚጣላ አድርገው የሚያዩ ሰዎች ስላሉ ነው። ቦዬ ላይም ነገሩ ይኸው ነው። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ጆሮውንና አፍንጫውን ብቻ አውጥቶ ሲታይ ገር ይመስላል፤ ሲመሽ ግን ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣል፤ በእርሱና በውሃው መካከል የቆመ ሰው ደግሞ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ጉማሬው የሚወጣበትን መንገድ ሳናጠና አግዳሚ ወንበርና የፎቶ ማንሻ ሰገነት ብንደረድርበት፣ አንድ ቀን ሰው ይሞትና ጥፋቱ በጉማሬው ላይ ይደፋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

በዚያ ጉብኝት በጣም ያስደነገጠኝ ግን ዛሬ በቦታው የሌለ ኮረብታ ታሪክ ነው። ሁዚየር ስላይድ ይባል ነበር። ከፍታው 60 ሜትር ገደማ ስለነበረ ሰዎች ከቺካጎ በመርከብና በባቡር እየመጡ ይወጡበት፣ ይንሸራተቱበት ነበር፤ በዘመኑ የአካባቢው ዋና መስሕብ እርሱ ነበር። አሸዋው ለመስታወት ሥራ ተፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ ፋብሪካዎች በባቡር ፉርጎ እያስጫኑ ወሰዱት፤ የአትክልትና የፍራፍሬ ማቆያ ብልቃጥ ሆኖ በየጓዳው ገባ። እ.ኤ.አ. በ1920 ገደማ ኮረብታው አለቀ። በኋላም በቦታው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ቆመ። ማንም በአንድ ቀን ኮረብታውን ለማጥፋት አልወሰነም፤ እያንዳንዱ ፉርጎ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነበር።

ይህን ስሰማ ወዲያው የታወሰኝ የቦዬ ጡብ ነው። ወደ ረግረጉ ወርዶ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ጥቁሩ ጭቃ ተቆፍሮ በወጣ ቁጥር አራት ማዕዘን ጉድጓድ ይቀራል፤ ጉድጓዱም የዝናብ ውሃ ይዞ አረንጓዴ ሽፋን ያበጃል። ከጎኑ ጥሬው ጡብ በሣር ተሸፍኖ ይደርቃል፤ ለመተኮሻው ደግሞ ማገዶ በመኪና ይመጣል። ጡብ ሠሪዎቹ እንጀራቸውን የሚያበስሉ ወጣቶች ናቸውና እነርሱን እንደ ጥፋተኛ መቁጠር ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ከከተማችን ቤቶች ስንቱ በዚያ ጡብ እንደታነጸ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። ነገር ግን የተቆፈረው ረግረግ በቀላሉ ተመልሶ ረግረግ አይሆንም፤ ጉድጓዱም ሲውል ሲያድር የቆሻሻ መጣያ ይሆናል። ስለዚህ ለጡብ ሥራው ከረግረጉ ውጪ የሸክላ አፈር ያለበት ቦታ ተጠንቶ ይሰጣቸው፤ ቁፋሮው የሚቆመውም ተለዋጩ ቦታ በእጃቸው ከገባ በኋላ ይሁን።

ስለ ኢንዲያናው ዳርቻ የጥበቃ ታሪክ ጥቂት እንድጨምር ይፈቀድልኝ፤ የመዘግየት ዋጋ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ላይ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1899 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሄንሪ ካውልስ የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ስለነዚህ የአሸዋ ክምሮች ያሳተመው ጥናት ቦታውን በሳይንስ ዓለም አስታወቀው። ከውሃው ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ውስጥ የሚራመድ ሰው መጀመሪያ ሣር፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦና ጥድ መሰል ዛፍ፣ በመጨረሻም ጥቅጥቅ ያለ የኦክ ጫካ ያገኛል፤ አንዱ ለሌላው መሬቱን እያዘጋጀለት የመጣ በመሆኑም ያ አጭር መንገድ የብዙ መቶ ዓመታትን ለውጥ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1916 የአገሪቱ ብሔራዊ ፓርኮች የመጀመሪያ ኃላፊ የነበሩት ስቲቨን ማዘር ቦታው ብሔራዊ ፓርክ እንዲሆን ቺካጎ ላይ የሕዝብ ውይይት ጠሩ። ዳሩ ግን አሜሪካ በቀጣዩ ዓመት ወደ ዓለም ጦርነት ስለገባች ሐሳቡ ተዳፈነ። እ.ኤ.አ. በ1925 የኢንዲያና ግዛት ጥቂቱን ክፍል የራሱ ፓርክ አድርጎ አዳነ። እ.ኤ.አ. በ1952 ዶሮቲ ቡዌል የተባሉ ሴት ጎረቤቶቻቸውን አሰባስበው ዳርቻውን የሚታደግ ማኅበር አቋቋሙ፤ የጎረቤት ግዛት የኢሊኖይ ሴናተር የነበሩት ፖል ዳግላስም ጉዳዩን ይዘው በምክር ቤቱ ተሟገቱ። ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው።

በመጀመሪያው ውይይትና በሕጉ መካከል 50 ዓመት አለፈ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የብረታ ብረት ፋብሪካዎች መጡ፤ ወደብም ታቀደ፤ ከሁሉ ያማሩ ይባሉ ከነበሩት የመካከለኛው ዳርቻ ኮረብታዎች ብዙዎቹ ተደመሰሱ፤ አሸዋቸውም ሐይቅ ተደልድሎ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እንዲሰፋበት ተጋዘ። ሕጉ ራሱ ለፓርኩም ለወደቡም የፈቀደ የስምምነት ውጤት ስለነበረ፣ ፓርኩ ዛሬም በፋብሪካና በመኖሪያ መንደር መካከል ተቆራርጦ ይገኛል። ዳርቻው ላይ ቆመን ወደ አንድ ወገን ብናይ አሸዋና ውሃ፣ ወደ ሌላው ብናይ የጭስ ማውጫ ነበር። ብሔራዊ ፓርክ የሚለውን ስያሜ ያገኘውም እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ፋብሪካዎቹ ለብዙ ሺህ ሰው እንጀራ ሆነዋልና መምጣታቸው ስሕተት ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን የትኛው ለፋብሪካ፣ የትኛው ለሣሩ እንደሚሆን አስቀድሞ ተለይቶ ቢሆን ኖሮ የሚተርፈው ከዚህ የተሻለ በሆነ ነበር። እንዲያም ሆኖ በዚያ ቁርጥራጭ መሬት ላይ ከ1,100 በላይ አገር በቀል የዕፅዋት ዓይነቶችና ከ350 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል።

ከአሸዋው ጀርባ ያለው ረግረግ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ታላቁ ረግረግ ይሉታል። መሬቱን ለእርሻና ለቤት መሥሪያ ለማድረቅ ቦይ እየተቀደደ ውሃው ወደ ሐይቁ እንዲፈስ ተደርጎ ነበር። ውሃው ሲሄድ የውሃ ተክሎቹና ወፎቹም አብረው ሄዱ፤ ባዶውን መሬት ባዕድ ቁጥቋጦ ወረረው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የፓርኩ አስተዳደር፣ አባቶች የቆፈሩትን ቦይ ልጆች እንዲደፍኑት፣ ባዕዱን ተክል እየነቀሉ የጥንቱን መልሰው እንዲተክሉ በማድረግ ላይ ይገኛል። ውሃው በተመለሰባቸው ክፍሎች ወፎቹ ተመልሰዋል፤ ሥራው ግን ዛሬም አላለቀም። ሀብታሙ አገር ሊከፍለው የቻለውን ይህን ወጪ እኛ ነገ ልንከፍለው እንደማንችል ለማወቅ ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም። በቦዬ ዳርና ዳር ግን ለበቆሎ ተብሎ ቦይ ሲቀደድ፣ ውሃ የሚመጠውም ባህር ዛፍ በየዓመቱ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ሲገባ ዝም ብለን እያየን ነው።

ቦዬ የሚሠራውን ሥራ ብዙዎቻችን አናስበውም። የአዌቱ ወንዝ ከተማችንን መሐል ለመሐል አቋርጦ ሲወጣ የገበያውን፣ የጋራዡን፣ የመኪና እጥበቱንና የመጸዳጃ ቤቱን ሁሉ ተሸክሞ ይወርዳል። ረግረጉ ይህን ውሃ አዘግይቶ፣ ደለሉን አስቀምጦ፣ በቀጠማውና በፊላው ሥር አጣርቶ ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ይለቀዋል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚዘንብበት አካባቢ እንዲህ ያለ ማዘግያ ባይኖር ጎርፉ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም። ወንዙም ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ወደ ጀመረው 184 ሜጋ ዋት ወደሚያመነጨው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ይገባል፤ ከግድቡ የሚወጣው ውሃ ደግሞ በተራራ ሥር በተቦረቦረ 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ አልፎ 420 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለውን ጊቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል። ቦዬ ያላስቀረው ደለል የሚሄደው ወደዚያ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማችን ዙሪያ ስላሉት ረግረጎች ለዓመታት ያጠኑትና የጻፉት ስላለ፣ ውሳኔ ሰጪው ከባዶ እንዲጀምር የሚያስገድደው ነገር የለም።

የወሰኑ ነገር የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። በበጋ፣ በተለይ በየካቲትና በመጋቢት፣ የረግረጉ ዳር ደርቆ ከብት ሲግጥበትና ልጆች ኳስ ሲጫወቱበት ለሚያይ ሰው ባዶ መሬት ይመስላል። ባለሙያ ሜትር ይዞ በዚህ ወራት ከወረደ የሚያሰምረው መሥመር ከእውነተኛው የውሃ ወሰን ብዙ የራቀ ይሆናል፤ በመካከል የቀረውም ለቤት መሥሪያ፣ ለመጋዘን ወይም ለመኪና ማቆሚያ ይታደላል። ከዚያ ነሐሴ ሲመጣ ውሃው ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል፤ ሰዎችም ጎርፍ ደረሰብን ይላሉ። ራሱ ላይ ወርቃማ ዘውድ የመሰለ ላባ የደፋው ረጅሙ ወፍም በክረምት ጎጆውን የሚሠራው በዚሁ በሚጥለቀለቀው ሣር መካከል ነው፤ የበጋው መሥመር እርሱንም ከወሰኑ ውጪ ይጥለዋል።

በመሆኑም የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። የቦዬ ወሰን ክረምቱ ሲሞላ፣ በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም መጀመሪያ፣ የአካባቢው አዛውንቶችና የዩኒቨርሲቲው ባለሙያዎች ባሉበት ይለካ፤ ከዚያም አልፎ ምንም ሕንፃ የማይቆምበት የዳርቻ መከለያ መሬት ይተውለት። ወሰኑ የተመለከተበት ካርታ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ታትሞ በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ማንም ሰው ቦታው የት እንደሚጀምር አላወቅሁም ሊል አይገባም። የእንግዳ መንገድ የሚሠራ ከሆነ በአንድ ወገን ብቻ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከእንጨት ይሠራ፤ ሌላው ወገን ለጉማሬውና ለወፎቹ ይቅር፤ መንገዱም ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ይዘጋ። ካፌው፣ መጸዳጃ ቤቱና መኪና ማቆሚያው ከመከለያው ውጪ፣ ከአስፋልቱ በኩል ይሁኑ። የአዌቱ ፍሳሽ ወደ ረግረጉ ከመድረሱ በፊት የሚጣራበት መላ ካልተበጀ ደግሞ እንግዳውን የምንጋብዘው ወደ ሽታ እንደሚሆን መዘንጋት የለበትም።

ቀጠማ ቆራጮቹን በተመለከተ ልዩ ትኩረት እንዲሰጥ እለምናለሁ። በየበዓሉ ዋዜማ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ጨፌው ወርደው፣ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ያጨዱትን ነዶ በጀርባቸው ተሸክመው ገበያ የሚያወጡት እናቶችና ልጃገረዶች ቦዬን ከማንኛችንም በላይ ያውቁታል። ቀጠማ ከላይ ታጭዶ ሥሩ ከቀረ መልሶ ያቆጠቁጣልና የእነርሱ ሥራ ረግረጉን አይጎዳውም። «የተጠበቀ ቦታ» ሲባል መጀመሪያ የሚባረሩት እንዲህ ያሉት ድሆች እንደሚሆኑ ከሌሎች ቦታዎች ስላየን፣ ቀጠማ የማጨድ መብታቸው በወሰን ደንቡ ውስጥ በጽሑፍ እንዲገባና የጨፌው ጠባቂዎችም ከእነርሱና ከጡብ ሠሪዎቹ መካከል እንዲቀጠሩ እንጠይቃለን።

በበኩሌ ለልኬታው ሥራ የሚያስፈልገውን የጉልበት እገዛ ለማስተባበር ፈቃደኛ ነኝ። ልኬታው የሚጀመርበት ቀን ከታወቀና የወላጆች ፈቃድ ከተገኘ ከክፍሌ ተማሪዎች ጋር ሜትር ለመያዝ፣ ችካል ለመትከልና የውሃውን ከፍታ በየሳምንቱ ለመመዝገብ እንቀርባለን። የሚመለከታችሁ መሥሪያ ቤቶች ልኬታው በማን፣ መቼና በየትኛው የውሃ ልክ እንደሚካሄድ ለሕዝብ በጽሑፍ እንድታሳውቁልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጅማ ከተማ ነዋሪና የጂኦግራፊ መምህር